ምሰሶው ሥር ያለውን ሁሉ

የምጽፍላችሁን ነገር ለፖሊስ ተናግሬዋለሁ። ለቄሱም ተናግሬዋለሁ። ለሁለቱም አንድ ቃል ሳልቀይር ነው የነገርኳቸው፤ ለእናንተም አልቀይርም።

ያላየሁትን አልጨምርም። ያየሁትንም አላስቀርም።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ወሩ ኅዳር። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ። ቦታው ከኢፐር ከተማ ወደ ሰሜን በሚወርደው የጀልባ ቦይ ላይ፣ ከእርሻዎቹ መሀል ያለችው ጠባብ ድልድይ።

ጨለማ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ... ጨለማ አልነበረም። ጉም ብቻ ነበር።

ስሜ ራይንሂልደ ነው። ለአባቴ ግን ሂልደ ብቻ ነኝ።

አባቴ ኦዲል ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ትራክተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየእሑዱ ከገመድ ጫፍ ላይ ማግኔት አስሮ ቦይ ውስጥ ይወረውር ነበር። ብስክሌት ያወጣል። ሰንሰለት ያወጣል። አንዳንዴም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውሃ ውስጥ ጥሎት የሄደውን ብረት ያወጣል፤ ሳንጃ፣ የብረት ቆብ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ። በእኛ አገር መሬቱም ውሃውም ያንን ጦርነት መቶ ዓመት ሙሉ ሲተፋ ነው የኖረው።

በዚያ ዓመት ልቡ ታመመ። ሐኪሞቹ ደረቱ ውስጥ፣ ከቆዳው ሥር፣ የልቡን ምት የምትጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ቀበሩለት። እሱ «ሰዓቴ» ይላታል።

ሐኪሟ አስጠንቅቃናለች። እኛ የምንወረውረው ዓይነት ማግኔት ወደ ደረቱ ከቀረበ፣ ሰዓቲቱ ሥራዋን ልትስት ትችላለች።

እሑዱን ግን ልነጥቀው አልቻልኩም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣው እሑድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ማግኔቱን የምወረውረው እኔ ነኝ። አባቴ ከድልድዩ ራቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ካለው የመብራት ምሰሶ ሥር ይቆማል። ማግኔቱ በእጄ እስካለ ድረስ ከዚያ አይንቀሳቀስም።

«እንደ ፈረስ ልታስሪኝ ነው?» አለኝ የዚያን ዕለት ከመኪናው ሲወርድ።

«ፈረስ እንኳ ይታዘዛል።»

«ቁርጥ እናትሽን! እሷም አንድ ቦታ ቁም እያለችኝ ነው ዕድሜዬን የጨረሰችው።»

«ምሰሶው ሥር ቁም፣ አባዬ። ንቅንቅ እንዳትል።»

«ቆሜያለሁ፣ እመቤቴ።»

ከብብቱ ሥር ያቺን አረንጓዴ የብረት ፔርሙስ ይዟል። ከአንገቷ በታች ጎድጉዳለች፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ከትራክተር ላይ ጥያት ነው። ሆዷ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በሚስማር ቀርጾባታል። ውስጧ ሁልጊዜ የቲማቲም ሾርባ ነው፤ ከትንንሽ ድብልብል ሥጋ ጋር። ግማሹን እሱ ይጠጣል፣ ግማሹን ለእኔ ያስቀራል።

ድብልብሎቹን ግን ሁሉንም እሱ ነው የሚበላቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ደርሶኝ አያውቅም።

«ዛሬስ ድብልብል ታስቀርልኛለህ?»

«ብርድ ነው፣ ልጄ። ብርድ ላይ ቃል አይገባም።»

ስለ ምሰሶው አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በእኛ ሰፈር ገበሬ ሲያርስ የመድፍ ጥይት ያገኛል። በየዓመቱ ያገኛል። ሲያገኝም አይደነግጥም። ተሸክሞ መንገድ ዳር ያወጣውና የመብራት ምሰሶ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ወይም በኮንክሪቱ ምሰሶ ሆድ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ውስጥ ይሰካዋል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ፈንጂ አምካኝ ወታደሮች በመኪና እየዞሩ ይሰበስባሉ።

ሕፃን ሳለን የተማርነው ይኸው ነው። ምሰሶ ሥር የተቀመጠ ነገር የሰብሳቢዎቹ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም።

አባቴን እዚያ ያቆምኩት ከማግኔቱ እንዲርቅልኝ ብዬ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ውርወራ ባዶ ነበር።

ሲደገም ማግኔቱ አንድ ነገር ነከሰ። ስስበው ከብዶ መጣ። ጥቁር ጭቃ ተንጠባጠበ... ከጭቃው ሥር ረጅም ነገር ታየ።

ጠመንጃ።

እንጨቱ በስብሶ አልቋል። ብረቱን ዝገት በልቶ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ አቅጥኖታል። ከማግኔቱ አላቀቅኩት፤ ማግኔቱን ድልድዩ ላይ ትቼ ጠመንጃውን ለአባቴ ወሰድኩለት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ዓይኑ በራ።

«ከፈታሽው ባልሽ ይሻላል» አለ። «ቢያንስ ይሄ ዝም ይላል።»

«ለፖሊስ እንደውል።»

«ስንጨርስ። እሑድ ማን ያነሣል? ሰብሳቢዎቹም ቢሆኑ እሑድ አይሠሩም።»

ምሰሶው ሥር፣ ሣሩ ላይ አጋደመው።

አጋደመው። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ተመለስኩና እዚያው ቦታ ወረወርኩ። ገመዱ ሳይረጋ ማግኔቱ ነከሰ።

ሌላ ጠመንጃ።

የዚህኛው እንጨት አልበሰበሰም። ጠቁሯል እንጂ አለ። ዝገቱም ስስ ነው፤ በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ብረት ታየ።

ለአባቴ አቀበልኩት። እሱም ከመጀመሪያው ጎን አጋደመው።

ሦስተኛው ማንገቻው ሳይቀር ነበር የወጣው። ማንገቻው ቆዳ ነው። በጣቶቼ መሀል አጠፍኩት... ለስላሳ ነው። አልተሰነጠቀም።

«አባዬ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል? መቶ ዓመት እኮ ነው።»

«ጭቃው ነው» አለ ሳያቅማማ። «የእኛ ጭቃ አየር አያስገባም። እንደ ቆርቆሮ ዓሣ ያቆያል።»

ልክ ይመስላል። ጭቃ እንጨት ሲያቆይ አይቻለሁ፤ ቆዳም ሲያቆይ አይቻለሁ።

ነገር ግን ሦስቱም ከአንድ ቦታ ነው የወጡት። አንድ ጭቃ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ጦርነት። ለምን አንዱ ከሌላው አዲስ ሆነ?

አልጠየቅኩትም። ደስ ብሎታል። ለብዙ ወራት እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ወደ ድልድዩ ስመለስ ጉሙ ከውሃው ላይ ተነሣ። ከሰማይ አልወረደም፤ ከውሃው ተነሣ። ዳክዬዎቹ ዝም አሉ። ከወዲያ ማዶ ባለው እርሻ ሲጮህ የዋለው ውሻም ዝም አለ።

ዞሬ አየሁ። ምሰሶው ጉሙ ውስጥ በእርሳስ የተሰመረ መስመር መስሏል። አባቴ ከጎኑ ሌላ መስመር ነው።

«አለህ?» አልኩ።

«ወዴት እሄዳለሁ? ተተክያለሁ እኮ።»

ወረወርኩ።

አራተኛው ሲወጣ ጭቃ አልነበረበትም።

ውሃው በብረቱ ላይ እየተንከባለለ ወረደ፤ አልያዘውም። ዘይት ተቀብቷል። ሽታውን አወቅኩት። የአባቴ ጋራዥ ሽታ ነው... ትኩስ የማሽን ዘይት።

ሰደፉን ያዝኩት። ቀጥሎ ጓንቴን አወለቅኩና በባዶ እጄ ያዝኩት።

ሞቃት ነበር።

ጉንጭ ተደግፎበት እንደቆየ ነገር... ሞቃት ነበር።

ለቀቅኩት። ጠመንጃው ከነማግኔቱ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ።

ድምፅ አላሰማም። ከባድ ብረት ከድልድይ ላይ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ ውሃውም ዝም አለ።

ገመዱ ከድልድዩ መደገፊያ ብረት ጋር እንደታሰረ ነው። ትቼው ወደ አባቴ ሄድኩ። አልሮጥኩም። ልቡን እንዳላስደነግጥበት ብዬ በእርምጃ ሄድኩ።

ምሰሶው ጋ ስደርስ ጠመንጃዎቹ ቆመዋል።

ሦስቱም። ሰደፋቸው መሬት ላይ ተራርቆ፣ አፈሙዛቸው ከላይ ተገጣጥሞ... እንደ ጎጆ ጣሪያ እንጨት ቆመዋል። ወታደር በጉዞ ላይ ሲያርፍ ጠመንጃውን እንደሚያቆመው። ሲነሣ ቶሎ እንዲያነሣው።

«አባዬ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ለምን አቆምካቸው?»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን?»

አየኝ። ፈገግ ሊል ሞከረ።

«አንቺ መስለሽኝ።»

«እኔ ድልድዩ ላይ ነበርኩ።»

«ሂልደ... ጀርባዬን ሰጥቼ ሾርባዬን ስቀዳ አጠገቤ መጥተሽ ጎንበስ ስትዪ ነበር። ጨርሰሽ የሄድሽ መስሎኝ እኮ ነው።»

«አናገርከኝ?»

«ብርድ ነው ወይ አልኩሽ።»

«ምን አልኩህ?»

አባቴ ፔርሙሷን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ምንም። ውሃ ብቻ ነበር ከላይሽ የሚንጠባጠበው።»

ክንዱን ያዝኩት። «እንሂድ።»

«ገመዱስ?»

«ይቅር።»

«እንዴት ይቀራል? ገመድ ቦይ ውስጥ አይተውም፤ ጀልባ ይጠልፋል፤ ሰው ይገድላል። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።» ክንዱን ከእጄ አላቀቀ። «ቆይ፣ እኔ ላውጣው። አንቺ ፈርተሻል።»

ወደ ድልድዩ ተራመደ። አሁንም አሁንም ያ እርምጃው ይታየኛል።

ማግኔቱ ውሃው ውስጥ ነው። ገመዱን ከሳበ፣ ማግኔቱ በቀጥታ ወደ ደረቱ ነው የሚመጣው።

ፊቱ ቆምኩ።

«ሰዓትህስ? ሞተህ ብቻዬን ልታስቀረኝ ነው?»

«አንዴ ብስበው...»

«አባዬ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ! እኔ አወጣዋለሁ። አንተ እዚህ ቁም። ምሰሶው ሥር። እስክመጣ አትንቀሳቀስ።»

ትከሻውን ይዤ መለስኩት። ጀርባውን ከምሰሶው ጋር አገናኘሁት። በገዛ እጄ።

«ቆሜያለሁ» አለ። አልቀለደም።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ገመዱ ተወጥሮ ነበር።

ወደ ታች አልተወጠረም። ወደ ጎን ነው። ሳየውም ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከቦዩ መሀል ወደ ዳሩ... አባቴ ወዳለበት ዳር።

የሳበው ወራጅ ውሃ አይደለም። የቦይ ውሃ የቆመ ውሃ ነው።

ያዝኩት። በገመዱ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ሳብ... ረገብ። ሳብ... ረገብ። አንድ ሰው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሥር እየተራመደ ያለ ይመስላል።

ከዚያ ላላ።

ሳብኩት። ቀሎ መጣ። ጫፉ ላይ ማግኔት የለም።

ገመዱ አልተበጠሰም። አልተቆረጠም። ተፈትቷል።

ያንን ቋጠሮ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፤ በጣት አይፈታም። በመሣሪያም ቢሆን ያታግላል። የገመዱ ጫፍ ግን ቀጥ ብሎ፣ ተስተካክሎ፣ አንዴም ታስሮ እንደማያውቅ ሆኖ እጄ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከዳሩ በኩል ድምፅ የሰማሁት።

ሣር ሲረገጥ። ውሃ ከልብስ ላይ ሲወርድ።

አንድ ሰው አይደለም።

«ሂልደ።»

የአባቴ ድምፅ ነው። ጉም ውስጥ ድምፅ ቅርብ ነው፤ ጆሮዬ ሥር የተናገረ መሰለኝ።

«አቤት።»

«ሰብሳቢዎቹ መጥተዋል።»

መኪና አልሰማሁም። መብራት አላየሁም።

«የት ናቸው?»

«እዚህ።»

«አባዬ... ዛሬ እሑድ ነው።»

ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ሰማሁ። ጠመንጃዎቹን እያነሡ ነው... አንዱን... ሌላውን...

«እኔም ብያቸዋለሁ» አለ።

«ምን አሉ?»

ገመዱን ከእጄ ጣልኩ።

«አባዬ፣ ምን አሉህ?»

«ምሰሶው ሥር ያለውን ሁሉ... ነው የሚሉት።»

ሮጥኩ።

ያ መንገድ አጭር ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፤ አጭር ነው።

ምሰሶው ቆሟል። ጠመንጃዎቹ የሉም። አባቴ የለም። ፔርሙሷ የለችም። ምሰሶው ላይ ጀርባው በነካበት ቁመት ኮንክሪቱ እርጥብ ነበር።

ሣሩ ላይ ከምሰሶው ወደ ውሃው የሚወርድ ዱካ አየሁ። በረድፍ የተረገጠ ዱካ ነው፤ ጥልቅ፣ ሚስማር ባለው ጫማ የታተመ። ከረድፉ መሀል አንዱ ብቻ ለስላሳ የጎማ ቦት ጫማ ነው።

የጎማው ጫማ አልተጎተተም። አልታገለም። እርምጃው ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበር።

ጠላቂዎች መጡ። ቦዩን ከድልድዩ ወዲህም ወዲያም በእጃቸው ዳሰሱት። ምንም አላገኙም፤ ማግኔቴን እንኳ አላገኙም። መርማሪው ልቡ ደክሞት ውሃ ውስጥ ወድቆ ይሆናል አለኝ። ትሑት ሰው ነው። ስለ ጠመንጃዎቹ ስነግረው መጻፉን አቆመ።

ብርዱ አለፈ። ሜዳው አረንጓዴ ሆነ። ለአባቴ ያለ አስከሬን ጸሎት አስደረግን።

ይህን የምጽፍላችሁ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሆነው ነገር ምክንያት ነው።

የቤቴ በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ሲሪል ናቸው፤ የድንች ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእርሻቸው ጥይት ሲለቅሙ የኖሩ ሰው።

«ሂልደ፣ ምሰሶሽ ውስጥ የመድፍ ጥይት ሰክተውብሻል። ለወታደሮቹ ደውዪ።»

«ማን ነው የሰካው?»

«እኔስ መች አየሁ። ማታ አልነበረም። አንዱ ሰነፍ ይሆናል፤ የራሱ ምሰሶ ያለ አይመስለውም።»

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ሆድ ውስጥ፣ ከታች በሚገኘው ቀዳዳ፣ አንድ ሞላላ ነገር ቆሟል። እንደ እውነተኛ ጥይት ተስተካክሎ ነው የተቀመጠው። ዝገት በልቶታል። ግራጫ ሸክላ ጭቃ ተጋግሮበታል። መቶ ዓመት ከመሬት በታች የኖረ ብረት እንዲህ ነው የሚመስለው፤ አይተን አንሳሳትም።

ስልኬን አወጣሁ።

ከዚያ ከአንገቱ በታች የጎደጎደውን አየሁ።

«ኧረ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ሲሪል። «ሂልደ! ይነካል እንዴ? የእነሱ ነው እኮ!»

አነሣሁት። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ከሥሩ በሚስማር የተቀረጸ ፊደል ነበር።

ሲሪል ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገሩኝም።

ወጥ ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳት። ክዳኗ ከአካሏ ጋር በዝገት ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል። የአባቴን የቧንቧ መፍቻ አመጣሁ። ታገልኩ። ዝገቱ እየተቀረፈ ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀይ ዱቄት ወረደ።

በመጨረሻ ዞረ።

እንፋሎት ወጣ። የቲማቲም ሽታ... ፊቴን አሞቀው።

ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ።

ሾርባው ግማሽ ላይ ነበር። ድብልብሎቹ... አንድም አልተነካም።